ቀኝ ያውልሽ

ውድ ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ ረቡዕ ጠዋት እጅህ ይገባል። ሐሙስ በአራት ሰዓት ሥራህን ልታቀርብ አዳራሹ ፊት ከመቆምህ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ይኖርሃል ማለት ነው። አንድ ቀን አነሰኝ እንዳትል። ሁለቱ ጭኖቼ ሲቃጠሉ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ግራዬን ለማድረቅ ግን አንተን ዐሥራ አንድ ሳምንት ወስዶብሃል።

አንተ እያልኩህ መሆኑን ሳታስተውል አልቀረህም። አፌን ከፈታሁ ጀምሮ አንቱ ስልህ ኖሬያለሁ። እቴቴ እንኳ «ላሳደግኋት ለእኔ አንቺ፣ ከረሜላ ለገዛላት ወንድሟ አንቱ!» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ዛሬም እጄ እንደ ልማዱ «እንደምን ሰነበቱ» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ አቁሜው ወረቀቱን ቀየርኩ። ስለተቆጣሁ ብቻ አይደለም። አንቱታ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ዐሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ጥያቄዬን ሁሉ የዋጠው እሱ ነው።

ፖስታው ውስጥ ሌላ አንድ ወረቀት አለ፤ ከአክስታችን ከእቴቴ የልብስ ልክ ደብተር የተቀደደ ገጽ። ከዚያ ደብተር ገጽ እንደማይቀደድ አንተም ታውቃለህ። የሞተ ደንበኛ ልክ እንኳ ሳይሰረዝ ነው የሚቀመጠው። አሁን አትየው። መጀመሪያ ይህን ጨርስ።

የተቃጠልኩበትን ቀን ላንተ መተረክ ባያስፈልገኝም፣ ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ። ቀለም ፋብሪካው ውስጥ የቲነሩ በርሜል ሲፈነዳ ከላቦራቶሪዬ በር ላይ ቆሜ የጥራት ወረቀት እየፈረምኩ ነበር። እሳቱ ከፊት ለፊቴ፣ ከወገቤ በታች ነው የመጣው። ሱሪዬ ናይለን ስለነበር ቀልጦ ከቆዳዬ ጋር ተጣበቀ። ሰዎች ተሸክመው ሲያወጡኝ ፈጣሪን አልጠራሁም፤ የሞቱትን እናትና አባታችንንም አልጠራሁም። «ጋሼን ጥሩልኝ» ነው ያልኩት። ሥራው የደከመ ጡንቻ መመለስ የሆነ ወንድም ያላት ሴት ምን ትፈራለች?

ፋሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈቱት ከአልጋዬ ግርጌ ቆመህ ነበር። የቃጠሎ ክፍሉ ሐኪም ጎንበስ ብሎ አየና «ግራና ቀኙ መንታ ነው፤ ስፋቱም ጥልቀቱም እኩል» አለ። ነርሶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንተ ብቻ «እኩል?» ብለህ ደግመህ ጠየቅህ። «እኩል» አለህ። ፊትህ ላይ አንድ ነገር አለፈ። እንባ የተናነቀህ መስሎኝ እኔ ነበርኩ ያጽናናሁህ። «አይዞዎት ጋሼ» አልኩህ፣ በፋሻ ተጠቅልዬ። ያ ፊትህ ዛሬ ነው የገባኝ። እዚያ አልጋ ላይ እህትህ የተኛች መስሎኝ ነበር። አንተ ያየኸው ሁለት እኩል እግር ነው።

ጭኔ ላይ የተለጠፈው ቆዳ ከያዘ በኋላ ሜትር ይዘህ መጣህ። ከጉልበቴ ዐሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለህ በሁለቱም በኩል በሰማያዊ ብዕር ነጥብ አደረግህ፤ ለካህም። «አርባ ስድስት» አልክ። ወደ ግራ ዞርክ። «አርባ ስድስት።» ከዚያ ቀን በኋላ ቁጥር ጮክ ብለህ አንብበህ አታውቅም።

ያኔ ነው የነገርከኝ። ሰው ክፉኛ ከተቃጠለ በኋላ እሳቱ ቢጠፋም ሰውነቱ ለወራት መንደዱን አይተውም፤ ማገዶውም የገዛ ጡንቻው ነው አልከኝ። ስለዚህ ነው የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ድኖ እንኳ ከወንበር ለመነሣት የሚቸገረው። አንተ ግን መድኃኒት አለህ። ቆዳን የማይነካ፣ ሳያቃጥል ወደ ውስጥ ዘልቆ የደከመውን ጡንቻ የሚቀሰቅስ ብርሃን። «በእሳት የሄደውን በብርሃን እንመልሰዋለን» አልከኝ። አመንኩህ። ወረቀቱን ስታቀርብልኝ ስንት ገጽ እንደሆነ እንኳ አልቆጠርኩም። ለገዛ ወንድሟ የምትፈርም ሴት ምን ታነባለች?

ያን ክፍል መቼም አልረሳውም። በምድር ቤቱ መተላለፊያ መጨረሻ፣ ቀድሞ የፋሻ መጋዘን የነበረው። መስኮት የለውም፤ ግድግዳው እስከ ደረት በአረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል። አልጋው ላይ የሻይ ትሪ የሚያህሉ ሁለት የመብራት ሰሌዳዎች በብረት ክንድ ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለግራ። ዐይኔን እንዳይጎዳኝ ብለህ ጥቁር መነጽር ታደርግልኛለህ። ቁልፉ ቋ ይላል። ማራገቢያው እምም ይላል። ከዚያ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ጨለማ። ስታበቃ ግንባሬን ስመህ «ቀኝ ያውልሽ» ትለኛለህ። በየጠዋቱ። አንድ ቀን አላጎደልክም።

«ቀኝሽ በሚታየው ቀይ ብርሃን ነው፣ ግራሽ በማይታየው። የትኛው እንደሚበልጥ እናያለን» አልከኝ። ኬሚስት ነኝ፤ ዐይን የማያየው ብርሃን እንዳለ አውቃለሁ። ያልተማርኩ ብሆን ኖሮ «የማይታይ መብራት ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» ብዬ ባፋጠጥኩህ ነበር። መማሬ ነው ያታለለኝ።

ያልተማረችዋ ግን ነቅታ ነበር። እማማ ጓንትን ታስታውሳታለህ? የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ቢጫ ጓንቷን ከእጇ የማታወልቀውን። እኛ የተቃጠልነውን ሁሉ «እሳት ካየው ምን ለየው፣ ሁላችሁም የበሰላችሁ ናችሁ» እያለች የምታስቀን። አንድ ቀን አንተ ከወጣህ በኋላ ጓንቷን አውልቃ ሰሌዳዎቹን ስትወለውል፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄ የግራሽ መብራት ሰነፍ ነው» አለችኝ።

«እንዴት?»

«የቀኙን ስነካው ሞቅ ይላል። ይሄኛው ሥራ ሳይገባ እንደዋለ ሰው ነው። አያልበውም!»

ሳቅሁ። «የማይታይ ብርሃን ነው እማማ፤ እንዲህ በእጅ አይታወቅም» ብዬ አስረዳኋት፣ ያውም የአስተማሪ ድምፅ አውጥቼ።

«አንቺ ካልሽ ይሁን፤ እኔ የማውቀው እጄን ነው» ብላ ጓንቷን አጠለቀች።

በሁለተኛው ሳምንት ያ ረጅሙ ፊዚዮቴራፒስት መምጣቱን አቆመ። «አንሺው» ብዬ ስም ያወጣሁለት፤ «አንሺው! አንሺው! ኧረ አንሺው እንጂ፣ እግር ነው እንጂ ግንድ አይደለም!» እያለ የሚያስለቅሰኝ። አንተ ነህ ያስቀረኸው። «እንቅስቃሴ ከተቀላቀለበት ብርሃኑ የሠራውን አናውቅም» አልክ። አንሺው በሩ ላይ ቆሞ አንዴ አንተን አንዴ እኔን አየ። «እኔ ከሌለሁ ማነው አንሺው የሚልሽ?» ብሎ ሄደ። ቀልድ አስመስሎ ነው የተናገረው፤ ፊቱ ግን አልሳቀም።

እኔም ታዛዥ ሆንኩ። ይህን ስጽፍ ነው ከሁሉ የማፍረው። ማንም በማያየኝ ጊዜ እንኳ እግሬን ከአልጋው አላነሣሁም። ሥራህን እንዳላበላሽብህ። ፋብሪካ አዲስ የሚቀጠሩትን ሳሠለጥን «ምንም ያልተጨመረበት ባዶ ናሙና አጠገቡ ካላስቀመጣችሁ ውጤታችሁን ማንም አያምነውም» የምል ሴት ነኝ። ባዶው ናሙና ሳይንቀሳቀስ፣ ሳይነካ ተቀምጦ መጠበቅ አለበት። እኔም እንዲሁ ጠበቅሁ።

በየሰኞው ትለካኛለህ። «ስንት ሆነ?» እልሃለሁ። «ቁጥሩን ተዪው፤ ለውጥ አለ» ትለኛለህ። ጋሼ፣ በእኛ ቋንቋ ሐኪም «ለውጥ አለ» ካለ የታመመው ተሽሎታል ማለት ነው። ወደ ታችም ለውጥ እንዳለ የሚያስብ ማን ነው? በስምንተኛው ሳምንት ከደስታህ ብዛት አመለጠህ። «ልዩነቱ አራት ገባ!» ብለህ ነርሷን አቀፍካት። እኔም አጨበጨብኩ። ነርሷ ግን ቀዝቀዝ አለች። ጠባሳው እንዳያብጥ የምለብሰው ጠባብ ልብስ በግራ በኩል እየሰፋ ስለሄደባት፣ በዚያው ሳምንት በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ ይዛልኝ ነበር። «ላስቲኩ ላልቶ ነው» ብላኛለች። ዐይኗን ዐይኔ ላይ ሳታሳርፍ።

በዐሥራ አንደኛው ሳምንት መጨረሻ ወጣሁ። አንተ መብራቶችህን ጭነህ ወደ አዲሱ ሆስፒታል ለመሄድ እየተሰናዳህ ነበር፤ ዐሥራ ሁለት የተቃጠሉ ሰዎች ስማቸውን አስመዝግበው ይጠብቁህ ነበር። እኔን እቴቴ ወሰደችኝ።

ሱቋ ያው እንደምታውቀው ነው፤ ጠረጴዛው፣ የስፌት መኪናው፣ የተሰነጠቀው ትልቅ መስታወት። ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ የምለብሰውን የመጀመሪያ ሱሪ እሷ ልትሰፋልኝ ፈለገች። ሆስፒታል አልጋዬ ጠርዝ ላይ ሳለሁ ለክታኝ ስለነበር ወዲያው ቆርጣ ሰፍታ አለበሰችኝ። ከመስታወቱ ፊት አቆመችኝና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችኝ።

«ዙሪ እስቲ።»

ዞርኩ።

«በቅጡ ቁሚ።»

«ቆሜያለሁ እኮ።»

«ኧረ ወዲያ! እንደ ተሰበረ ወንበር ነው የቆምሽው።»

ሱሪው በቀኝ በኩል ልክክ ብሏል። በግራ በኩል እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። እቴቴ ጥፋቱን የራሷ አደረገችው። «ሠላሳ ዓመት ሱሪ ቆርጬ፣ ለዳኛ ቆርጬ፣ ለሙሽራ ቆርጬ፣ ለገዛ ልጄ እግር አበላለጥኩ! ዐይኔ አልቋል፤ መቀሴን ግዙኝ» እያለች አወለቀችኝና ስፌቱን ፈታችው። ሁለቱን የጨርቅ እግሮች ጠረጴዛው ላይ አንዱን ባንዱ ላይ አነባበረቻቸው። እኩል ነበሩ። በክር እንኳ አይበላለጡም።

እጇ ጨርቁ ላይ ቀረ።

«ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ልብስ ሰፊ አንድ እግር ነው የሚለካው። ቀኙን። ሌላው ይከተላል ብለን። ያንቺን ግራ ማን ለካው?»

«ጋሼ።»

«ምን አለሽ?»

«ለውጥ አለ።»

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። እሷ ስትለካ ከሜትሩ ሥር አንድ ጣት ታስገባለች፤ «ለሚተነፍስ ሰው አንድ ጣት ይተውለታል» ትላለች። ያን ቀን ጣቷን አላስገባችም። አጥብቃ ለካች። ቀኝ፣ አርባ ሰባት። ግራ፣ አርባ አንድ። ደብተሯን ገለጠች፤ ከቃጠሎው በፊት የሰፋችልኝ ሱሪ ልክ አለ፣ አምሳ ሁለት። በየሰኞው በሰማያዊ ብዕር የምታድሰው ነጥብህ ግራ ጭኔ ላይ አሁንም ነበር፤ ተሸብሽቦ።

ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባኝ። አርባ ስድስትና አርባ ስድስት ነበር የጀመርነው። መብራትህ ለቀኜ የጨመረለት አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። ግራዬ ደግሞ አምስት አጥቷል። አንተ አንድ አላልክም፣ አምስትም አላልክም። ደምረህ በሐሙሱ የጥሪ ወረቀት ላይ «ልዩነቱ ስድስት» ብለህ ጻፍከው።

ያም ሆኖ ቶሎ ልፈርድብህ አልፈለግሁም። የማይታየው ብርሃን በእኔ ላይ ሳይሠራ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ላድንህ ሞከርኩ። በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። እማማ ጓንት የምድር ቤቱን ክፍል ከፈተችልኝ፤ መብራቶቹ ገና አልተጫኑም ነበር። ዐይናችን የማያየውን እንዲህ ያለ ብርሃን የስልክ ካሜራ ያየዋል። መጀመሪያ የቴሌቪዥን ሪሞት አምጥተን ሞከርኩት፤ ስትጫነው ጫፉ ስልኬ ላይ ወይን ጠጅ ነጥብ ሆኖ በራ። ካሜራዬ ያያል ማለት ነው። ከዚያ የቀኙን ሰሌዳ አበራሁ። ቀይ። የግራውን ቁልፍ ተጫንኩ። ቋ አለ። ማራገቢያው እምም አለ። ስልኬን አስጠጋሁ። ምንም። ጥቁር። አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ጥቁር። እማማ ጓንት በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አየችና ጓንቷን አውልቃ እጇን ሰሌዳው ላይ አኖረች።

«አላልኩሽም? ሰነፍ አይደለም ይሄ። ሞቶ ነው የከረመው» አለች።

ዐሥራ አንድ ሳምንት ከአጠገቤ እምም ሲል የነበረው ማራገቢያ ብቻ ነው። ድምፁን ነው የተውክልኝ።

ከዚያው ክፍል ደወልኩልህ። የተባባልነውን አልረሳሁትም፤ አንተ ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ።

«ፈርመሻል እኮ» አልከኝ፣ ገና ሳልጨርስ። «ሦስተኛው ገጽ ላይ አለ። አንደኛው እግር የማይበራ መብራት እንደሚቀመጥለት ተጽፏል።»

«ለእኔ የማይታይ ብርሃን ነው አላሉኝም?»

«ካወቅሽ ሐሳብሽ ይገባበታል። አንቺ ራስሽ የተማርሽ ሰው ነሽ። ማነጻጸሪያ ሳይኖር ማን ያምነኛል?»

«ግራዬስ?»

«ግራሽ ይመለሳል። ጊዜ ስጪው። ይልቅ ሐሙስ ከጉልበት ከፍ ያለ ቀሚስ ልበሺ። መድረኩ ላይ በጎን ትቀመጫለሽ፣ ቀኝሽን ወደ ሕዝቡ አድርገሽ። ዐሥራ ሁለቱም ይመጣሉ፤ አንቺን አይተው ተስፋ ያደርጋሉ። ዓርብ ሥራ እንጀምራለን።»

«ዓርብ የስንቱ ሰው ግራ ይጠፋል?»

«ጩኸት አያስፈልግም» አልክ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፅህ። «ሁለት እግር ከስቶ ከሚቀር አንዱ ቢተርፍ አይሻልም? ደግሞ ስለ ግራ ማን ይጠይቃል?» ቀጥለህም፣ ይህን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም፣ እንደ ልማድህ «በይ፣ ቀኝ ያውልሽ» ብለህ ዘጋኸው።

ስለ ግራ ማን ይጠይቃል?

አንተ ጠይቀህ ነበር ጋሼ። አንደኛ ክፍል ሳለሁ። በግራ እጄ ስለምጽፍ መምህሯ በሻሽ ከዴስኩ እግር ጋር አሰረችኝ፤ ልጆቹ «ግራኟ! ግራኟ!» እያሉ ይስቃሉ። አንተ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርክ። ማን እንደነገረህ አላውቅም፤ በሩን ሳታንኳኳ ገባህ። ጎንበስ ብለህ ሻሹን ፈታህ፣ እጄን በሁለት እጅህ እያሻሸህ ወደ መምህሯ ቀና አልክና «ግራዋ ምን አደረገ?» አልካት። ሌላ አንድ ቃል አልጨመርክም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ግራዬ» ነበር የምትለኝ፣ ሌላ ስም ያለኝ እስከማይመስለኝ ድረስ። ይህን ደብዳቤም በዚያው እጅ ነው የምጽፍልህ።

አሁን በተራዬ እኔ ልጠይቅህ። ግራዬ ምን አደረገ?

ወደ ሌላ ሐኪም ሄጃለሁ፤ ሴት ናት፣ ብዙ አታወራም። ጭኔን በጣቶቿ ጫን ጫን አድርጋ አየችውና «ጊዜው አልፏል አልልሽም» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «አላለፈም ብዬም አልዋሽሽም» አለች። ባለፈው ሳምንት የእቴቴን ሱቅ ሦስት ደረጃዎች ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ። አሞኝ አይደለም፤ የሚያም ነገር እንኳ የለውም። እዚያ የነበረ ነገር አልነበረም፣ በቃ። በግንባሬ መንገዱ ላይ ተደፋሁ። ሰው ሊያነሣኝ ሲሮጥ እቴቴ ከበሩ ሆና «ተዉአት! ራሷ ትነሣ!» ብላ ጮኸች። ፊቷን ግን አዙራ ነበር።

ስለ አንተ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አንተንም ያሳደገችህ እሷ ናት፤ ብትረግምህ ይሻለኝ ነበር። ከቁም ሳጥኑ ላይ ያን አሮጌ የከሰል ካውያ አወረደችና በጨርቅ ጥብጣብ ከቁርጭምጭሚቴ ጋር አሰረችልኝ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጬ አነሣለሁ። መጀመሪያ ከወለሉ አልላቀቅ አለኝ። አሁን የአውራ ጣት ያህል ይነሣል። አንሺው አጠገቤ ስለሌለ እኔው «አንሺው! አንሺው እንጂ!» እላለሁ፤ ደንበኞች ያበድኩ ይመስላቸዋል። አንዲት ሴትዮ ቀሚሷን ሳታስለካ ሄደች።

ልንገርህ፤ መብራትህ ይሠራል። ይህን ልክድህ አልችልም፣ ሐሙስም አልክድህም። ሁሉም ነገር ሲከሳ የእኔ ቀኝ አንድ ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። ለተቃጠለ ሰው ያ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ብቻ ብትል ኖሮ ሰው ያጨበጭብልህ ነበር። አንተ ግን አንዱ አነሰብህና ከእኔ አምስት ወስደህ ጨመርክበት።

ስለዚህ የረቡዑ ቀን ላንተ ነው። ዐሥራ ሁለቱን ሰብስበህ የትኛው እግራቸው ጨለማ ውስጥ እንደሚቀር ንገራቸው። አንሺውን መልሰህ ጥራው፤ በሁለቱም እግራቸው ያሠራቸው። ሐሙስ በምታቀርበው ጽሑፍ ላይ «ልዩነት» የሚለውን ቃል አጥፍተህ ቀኙንና ግራውን ለየብቻ ጻፍ። ከዚያ በኋላም ሊፈርሙልህ የሚፈልጉ ካሉ አንብበው ይፈርሙ። ይህን ካደረግህ ሐሙስ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አዳምጥሃለሁ፤ ምናልባት አንድ ቀን አንቱታውም ይመለስ ይሆናል። ቃል አልገባልህም።

ካላደረግህ ግን እመጣለሁ። ቀሚስ አልለብስም። እቴቴ በቀኝ እግሬ ልክ ሁለቱንም እኩል አድርጋ የቆረጠችውን ያን ሱሪ ነው የምለብሰው፤ አላጠበበችውም፣ አታጥብቢው ብያታለሁ። አዳራሹን ሄጄ አይቼዋለሁ። ወደ መድረኩ የሚወስደው ደረጃ ዘጠኝ ነው፤ መደገፊያ ብረት የለውም። ደግፎ የሚያወጣኝ ሰው ብትልክ እመልሰዋለሁ። ዘጠኙንም በግራ እግሬ እየጀመርኩ እወጣለሁ። ሊከዳኝ ይችላል፤ አውቃለሁ። ብወጣ እኔ እናገራለሁ። ብወድቅ ግራዬ ይናገራል፤ ዐሥራ ሁለቱም ያዩታል።

አሁን ያን ገጽ አውጥተህ እየው። ከላይ አምሳ ሁለት፣ ከሥሩ አርባ ሰባት፣ ከሥሩ አርባ አንድ። ጽሕፈቷ ነው። ከታች ባዶ መስመር ትታለች፤ ለሚቀጥለው ልኬ መስሎኝ ጠየቅኋት። «የሱ ነው» አለችኝ። ጭንህን ልትለካ እንዳይመስልህ። ቁጥር ሳይሆን ቃልህን ነው የምትጠብቀው።

ከፊት ወንበር አንድ ቦታ ያዝላት። ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ትመጣለች።

ግራህ